ሹመቱ ይቅርብኝ ማለት ስንፍና ነውን?

ጥያቄ፦ ባለ ጳጉሜን፣ ከባሕር ዳር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

በ2008 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅሁ ወዲህ አሥር ዓመት ሞላኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያሳለፍሁት ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ፣ ለገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሒሳብ ሶፍትዌር በመሥራት ነው። ደንበኞቻችን ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከቢቸና እስከ ፍኖተ ሰላም ተበታትነው የሚገኙ ሲሆን፣ ወር በተዘጋ ቁጥር የሚደውሉልኝን የሒሳብ ሠራተኞች ስማቸውን ሳይነግሩኝ በድምፃቸው እለያቸዋለሁ።

ባለፈው ወር ሥራ አስኪያጃችን አስጠርቶኝ የቡድን መሪ እንድሆን ጠየቀኝ። ሰባት ሰዎች በሥሬ ይሆናሉ፤ 26,000 ብር የነበረው ደመወዜ ወደ 32,000 ብር ከፍ ይላል፤ ኮድ መጻፉን ግን ቀስ በቀስ ለሌሎች እንደምለቅ አስታወቀኝ። ሳምንት ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ከርሜ እንደማልፈልግ ነገርሁት። እርሱ ግን «በአንተ ዕድሜ በቃኝ ማለት አያምርም» ብሎ፣ መልሴን እንዳልሰማ ቆጥሮ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዳስብበት ጊዜ ሰጠኝ።

ለምን እንዳልፈለግሁ ለማስረዳት ሥራዬ ምን እንደሚመስል መግለጽ ይኖርብኛል። ከውጭ የሚመጣው የሒሳብ ሶፍትዌር ዓመትን በ12 ወር ይቆጥራል፤ የእኛ ማኅበራት መዝገብ ግን የሚያዘው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ ወለድ ግን አላት። ነሐሴ 20 ቀን የተወሰደ ብድር መስከረም 10 ቀን ቢመለስ፣ ከነሐሴ ወደ መስከረም የሚዘልል ፕሮግራም 20 ቀን ብሎ ያስባል፤ ትክክለኛው ቁጥር 25 ነው፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ከሆነ ደግሞ 26 ይሆናል። በ2015 መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ጊዜ፣ ከኢንተርኔት አውርደን የተጠቀምንበት የቀን መለወጫ ኮድ የእኛን አዲስ ዓመት ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ያውል ስለነበር፣ ከመስከረም 1 ቀን 2016 ጀምሮ ቀኑ ሁሉ በአንድ ተዛነፈ። የስሕተቱ ምንጭ የተገለጠልኝ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ሳይሆን፣ በልጅነቱ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠረው አባቴ በስልክ «2015ን በ5500 ላይ ደምርና ለአራት አካፍለው፤ ሦስት ከተረፈህ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም ስድስት ናት» ባለኝ ጊዜ ነው። ያንን ኮድ ጥዬ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ስሌት እንደገና ጻፍሁት። የስም ፍለጋውም እንዲሁ ነው፤ «ፀሐይ» የተባለች አንዲት ቆጣቢ በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ በሦስቱ ሀዎች በግዕዝ ወይም በራብዕ ብትጻፍ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይኖራታል፤ በየትኛውም ቢፈለግ አንዷ ሴት እንድትገኝ ማድረግ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ እራት እረሳለሁ፤ ሰባት ሰዎችን ስለመምራት ሳስብ ግን ደረቴ ይከብደኛል።

ይሁን እንጂ ልቤ አልረጋም። በአገራችን «ሹመት ያዳብር» የሚል ምርቃት አለ፤ «ሙያ ያዳብር» የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም። አባቴ የመጀመሪያውን ሊመርቀኝ ተዘጋጅቶ ሳለ እምቢ ማለቴን ሲሰማ ዝም አለ፤ የጎጃም አባት ዝምታ ምን ያህል እንደሚመዝን ከእናንተ መካከል የሚያውቅ አይጠፋም። መምህርት የሆነችው ባለቤቴ በበኩሏ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመጣውን የኑሮ ውድነት አስታውሳ፣ «ሥራህን መውደድህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የቤት አከራያችንም ሥራህን ይወድልሃልን?» አለችኝ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ሹመት ሳይሹ፣ ኮድ እየጻፉ ጡረታ መድረስ ይቻላልን? ወይስ ሰው መምራትን ስለምፈራ፣ ፍርሃቴን «ሙያዬን እወዳለሁ» በሚል ስም እየሸፈንሁት ይሆን?


መልስ፦ የሞጣው

ወንድሜ፣ እኔ አንተ እምቢ ያልኸውን እሺ ብዬ ሄጄ የተመለስሁ ሰው ስለሆንሁ፣ የምነግርህ በመጽሐፍ ያነበብሁትን አይደለም።

አዲስ አበባ በአንድ ድርጅት ውስጥ ስሠራ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ የ14 ሰዎች አለቃ ሆንሁ። ቤተሰቤ ድግስ ደገሰ፤ አጎቴ ከሞጣ በግ ይዞ መጣ። ከዚያም ቀኑን በስብሰባ፣ በፈቃድ ጥያቄ፣ በሪፖርትና ሁለት የተኳረፉ ሰዎችን በማስታረቅ ማሳለፍ ጀመርሁ። ይህን እንደ ሥራ አልቆጠርሁትም፤ ስሕተቴም ከዚህ ይጀምራል። ቀን ሌላ ስሠራ ስለዋልሁ ማታ ማታ የልጆቹን ኮድ እየከፈትሁ አርም ነበር፤ ይህንንም የማደርገው እነርሱን ለማገዝ እንደሆነ ለራሴ እነግረው ነበር። ከሁሉም የምትበልጠው ልጅ ሥራ መልቀቂያ ስታስገባ ምክንያቷን ጠየቅኋት፤ «ማታ የጻፍሁት ነገር ጠዋት ስመጣ የእኔ ሆኖ አያድርም» አለችኝ። ይህን የሰማሁት ከተሾምሁ በአራተኛው ዓመት ነው። ለካ ሙያዬን አጥብቄ መውደዴ ለራሴ መልካም ቢሆንም በሥሬ ላሉት ሰዎች መከራ ሆኖባቸው ኖሯል።

በዚያው ዓመት ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁና ተራ ፕሮግራመር ሆኜ ተቀጠርሁ። ለቅጥር ፈተናው የተቀመጥሁት በዕድሜ የታናሽ ወንድሜ ታናሽ ሊሆኑ ከሚችሉ ልጆች ጎን ሲሆን፣ ደመወዜም በሲሶ ቀነሰ። ሰው ሁሉ የተሻርሁ መስሎት ሊያጽናናኝ ይመጣ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በቀልድ መልክ የጠቀሱልኝም ነበሩ፤ ተረቱ ሹመትን ከመብል ጋር እንጂ ከሥራ ጋር የማያገናኘው መሆኑ ያኔ ነው የከነከነኝ። ሦስት ወር ያህል በጣም ከበደኝ፤ እኔ ስብሰባ ስመራ በቆየሁባቸው ዓመታት የሥራው መሣሪያ ተለዋውጦ ነበርና ከአንድ አዲስ ተመራቂ ሥር ቁጭ ብዬ ተማርሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቤቴ እንደገባሁ ያህል ሆነልኝ፤ እስከ ዛሬም አልጸጸተኝም።

ፍርሃት ይሁን ፍቅር ለመለየት ከፈለግህ፣ ሥራ አስኪያጅህን ለሦስት ወር በተወካይነት እንድትሠራ ጠይቀው። ሰው መምራትን ሳትቀምሰው ብትተወው ጥያቄው ሲከተልህ ይኖራል፤ ቀምሰኸው ብትተወው ግን ቢያንስ ምን እንደተውህ ታውቃለህ። በእነዚያ ወራት ታዲያ ማታ ማታ የሰው ኮድ እንዳትከፍት።


መልስ፦ ከሰው ሀብት ክፍል፣ ባሕር ዳር

ጠያቂው ወንድማችን ስለ ልብ ጉዳይ ጠይቀዋል፤ እኔ ግን ልብን ሳይሆን ፋይል የምይዝ ሰው ስለሆንሁ፣ ከመፈረምዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮችን ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የሕግ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሥራ መሪ» የሚባለውን ሰው ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ ያደርገዋል። ይህ ማለት ዛሬ ለእርስዎ ጥበቃ የሚያደርጉት ድንጋጌዎች፣ ለምሳሌ በሳምንት ከ48 ሰዓት ያልበለጠ መደበኛ ሥራ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨመርበት የዓመት ፈቃድ፣ የሥራ መሪ በሆኑ ማግስት በአዋጁ መብትነታቸው ያበቃል፤ የሚኖርዎ በውልዎ ላይ የተጻፈውና የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚሰጠው ብቻ ይሆናል። ነገር ግን ወሳኙ የመደቡ ስም አይደለም። ሕጉ የሚመለከተው የተሰጠዎትን ሥልጣን፣ ማለትም የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ኃላፊነት ያለዎት መሆኑን ነው። ሥራ የሚያከፋፍል እንጂ ሰው የማይቀጥርና የማያሰናብት የቡድን መሪ እንደ ሠራተኛ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ስለ ደመወዙ ከመጠየቅዎ በፊት የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሁለተኛው ሒሳቡ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት ከ14,000 ብር በላይ ያለው የወር ደመወዝ 35 በመቶ ይከፈልበታል። የእርስዎ ደመወዝ አስቀድሞ ከዚያ ስላለፈ፣ የሚጨመርልዎት 6,000 ብር በሙሉ በዚሁ ተመን ውስጥ ይወድቃል፤ 2,100 ብር ግብር፣ 420 ብር ደግሞ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ በእጅዎ የሚገባው 3,480 ብር ነው። አሁን ባለዎት 26,000 ብር ደመወዝ የአንድ ሰዓት ዋጋዎ፣ ወሩን በ208 ሰዓት ብናካፍለው፣ 125 ብር ይሆናል፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሲሠሩ እጥፍ ስለሚታሰብ 250 ብር ነው። የበጀት ዓመት በሚዘጋበት በሰኔ ወር ሦስት እሑዶችን አራት አራት ሰዓት ቢሠሩ 3,000 ብር መጠየቅ ይችላሉ ማለት ነው። የትርፍ ሰዓትን በትክክል የሚከፍል ድርጅት ስንት ነው ብትሉኝ መልሴን ለራሴ አስቀራለሁ፤ ነገር ግን ያልተከፈለ መብትና የሌለ መብት አንድ አይደሉም።

ይህን ስል ሹመቱን አይቀበሉ ማለቴ አይደለም። ባለቤትዎ ያነሱት የቤት ኪራይ ጉዳይ እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ የ3,480 ብር ጭማሪ ግን በዚህ ኑሮ የሰባት ሰዎችን ጭቅጭቅ የሚመጥን መሆኑን አብራችሁ ብትመዝኑት ይሻላል።


መልስ፦ የቡሬው ተጠራጣሪ

ከእኔ በፊት የጻፉት ሁለቱም ጥሩ ጽፈዋል፤ ነገር ግን ሁላችንም ለጠያቂው አዘንንለት እንጂ የጻፈውን በጥንቃቄ አላነበብነውም።

እስኪ እንደገና እናንብበው። ደንበኞቹ የሚደውሉት ለእርሱ ነው። የጳጉሜንን ስሌት የጻፈው እርሱ ነው። የስም ፍለጋውንም የሚያውቀው እርሱ ነው። እርሱን ጨምሮ ስምንት ሰዎች ባሉበት ቡድን ውስጥ ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ከሆነ፣ ያ ሰው መሪነቱን ገና ድሮ ይዞታል፤ የጎደለው መጠሪያውና ደመወዙ ነው። ታሞ ቢተኛ መስከረም 1 ቀን የቢቸናው የሒሳብ ሠራተኛ ለማን ይደውላል? በቃኝ የሚል ሰው ቦታውን ሳይለቅ ለሌላውም ቦታ የሚሰጥ ሊሆን ይገባዋል፤ ይህ ግን ቤቱ ሁሉ የተደገፈበት ምሰሶ ሆኖ መቆም ነው፤ ምሰሶ ደግሞ የሚነቀለው ቤቱን ይዞ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ እምቢ ብትል ወንበሩ ባዶ አይቀርም። ከሰባቱ ባልደረቦችህ አንዱ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው ይቀመጥበታል። ያ ሰው «ይህ የጳጉሜን ነገር በዓመት አምስት ቀን አይደለምን? ለዚህ ሁለት ሳምንት ማጥፋት አይገባም» ብሎ ቢወስንብህ ምን ልትል ነው? መሪ አልሆንም ያለ ሰው ተመሪ እሆናለሁ ማለቱ ነው። ተመሪነቱን በደስታ የምትቀበለው ከሆነ እሰየው፤ ነገር ግን ከጽሑፍህ እንደተረዳሁት አንተ አለቃም እንዲኖርህ አትፈልግም፤ አለቃም መሆን አትፈልግም። እንዲህ ያለው ሰው የራሱን ድርጅት መክፈት አለበት፤ ያኔ ደግሞ ከኮድ ይልቅ የግብር ደረሰኝ ስትጽፍ ትውላለህ።

የሞጣው ወንድማችን ለተናገረውም አንድ ቃል አለኝ። ዝቅ ብሎ መቀጠርና ከአዲስ ተመራቂ ሥር መማር ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን ደመወዙ በሲሶ ሲቀነስ ቤቱ ያልተናጋው ከአለቅነቱ ዘመን ያጠራቀመው ጥሪት ስለነበረው እንደሆነ እገምታለሁ። ጠያቂው ያ ጥሪት የለውም።


መልስ፦ የሞጣው

ለቡሬው ወንድሜ፦ ጥሪቱን በተመለከተ ያልኸው ልክ ነው፤ ልጽፈው ሲገባኝ ዘልዬዋለሁ። አለቃ ሳለሁ የሠራኋት አንዲት ቤት አሁን ተከራይታ ትደጉመኛለች።


መልስ፦ የማርቆሷ ፕሮግራመር

ሁላችሁም ስለ እምቢታ ስታወሩ እኔን ያስገረመኝ ጠያቂው መጠየቁ ነው። እኔ በሙያው 12 ዓመት ስቆይ የቡድን መሪ ሁኚ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁለት ልጆች ስለወለድሁ ራሴን እንዳረካሁ ተቆጥሮ፣ «እርሷ እንኳ ቤቷን ትወዳለች» ተብሎ ነበር የሚታለፈው። በእርሱ ዘንድ በቃኝ ማለት ምርጫ ሲሆን በእኔ ዘንድ ግን ሌሎች ሰዎች ስለ እኔ ሆነው የሰጡት መልስ ነበር። ስለዚህ በቃኝ የሚለው ቃል ክብደት የሚኖረው የሚቀርበትን ነገር ማግኘት ለሚችል ሰው ብቻ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር እወዳለሁ።

አሁን ለውጭ ድርጅት ደብረ ማርቆስ ሆኜ ከቤቴ እሠራለሁ። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ሥራዬን ላጣ ተቃርቤ ነበር፤ እርሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ አልፈዋለሁ። በዚህ ሥራ የተማርሁት አንድ ነገር ግን ለጥያቄው ይጠቅማል። በትልልቅ የሶፍትዌር ድርጅቶች መሰላሉ ሁለት ነው፤ አንዱ ሰው ለሚመሩ፣ ሌላው በሙያቸው ለሚጠልቁ። አይቢኤም ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሊቃውንቱ «ፌሎው» የሚል ማዕረግ ይሰጣል፤ ማዕረጉ የሚገኘው በሙያ ብቃት እንጂ በሥር ባሉ ሰዎች ብዛት አይደለም። በሌሎችም ዘንድ ከፍተኛ ባለሙያ ከሚባለው ደረጃ የደረሰ ሰው ከዚያ በላይ ባይወጣ እንደ ውድቀት አይቆጠርበትም። የእኛ አገር ድርጅቶች ያላቸው ግን አንድ መሰላል ነው፤ ጎበዝ ባለሙያን ለመሸለም የሚያውቁት ብቸኛው መንገድ ጎበዝ የሆነበትን ሥራ ማስተው ነው።

በአንድ ነገር ላይ ረጅም ዘመን መቆየት ምን እንደሚያፈራ ለማየት ደግሞ በእያንዳንዳችሁ ስልክ ውስጥ ያለውን ኤስኪዩላይት የተባለ ዳታቤዝ ተመልከቱ። ሪቻርድ ሂፕ የተባለ ሰው በ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮት ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር እስከ ዛሬ ይንከባከበዋል፤ እስከ 2050 እ.ኤ.አ. ድረስም ሊደግፉት እንዳሰቡ በይፋ አስታውቀዋል። የቡሬው ወንድሜ «እርሱ የራሱ ጌታ ነው እንጂ ተቀጣሪ አይደለም» እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። እኔ ግን ምሳሌውን ያመጣሁት ስለ ጌትነቱ ሳይሆን ስለ ርዝመቱ ነው። እነዚህ ሰዎች ሃምሳ ዓመት ሊያቆዩት ያሰቡትን ነገር በቃላቸው አልያዙትም፤ ለፕሮግራሙ የጻፉት መፈተሻ ኮድ ከፕሮግራሙ ከራሱ እጅግ ይበልጣል። ባለ ጳጉሜን ሆይ፣ የአንተ የጳጉሜን ስሌት መፈተሻ ተጽፎለታልን? ወይስ መፈተሻው የአባትህ ስልክ ቁጥር ነው?


መልስ፦ ባለ ጳጉሜን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማርቆሷ እህቴ የመጨረሻ ጥያቄ አስቆኛልም አሳፍሮኛልም፤ መፈተሻው እውነትም የአባቴ ስልክ ቁጥር ነው። ስለ መጠየቅና አለመጠየቅ ለጻፍሽው ደግሞ የምመልሰው የለኝም፤ እኔ ጭንቀት ያልሁት ነገር ሌላው የተነፈገው መሆኑ ከቶ አልታሰበኝም ነበር። በቡድናችን ውስጥ ከእኔ አንድ ዓመት ብቻ ዘግይታ የተቀጠረች ባልደረባ አለችን፤ እርሷን ማንም እንዳልጠየቃት ትናንት ጠይቄ አረጋገጥሁ።

የቡሬው ወንድሜ የተናገረው መጀመሪያ አናደደኝ፤ በማግሥቱ ግን እሑድ ስለነበር አባቴን ልጠይቅ ወደ አገር ቤት ወረድሁና ነገሩን እንዳለ አነበብሁለት። አባቴ ስለ ሹመቱ ምንም ሳይናገር የቅኔ መምህሩን ታሪክ ጀመረ። የኔታ ከትልቅ ደብር አለቅነት ጥሪ መጥቶላቸው «ወንበሬን ትቼ የት እሄዳለሁ» ብለው ቀሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ከዚያች ጎጆ አልወጡም። ታሪኩ እኔን ለመደገፍ የመጣ መስሎኝ ደስ ሲለኝ፣ አባቴ ቀጠለና «ነገር ግን የኔታ የጀማሪውን ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናውን፣ ለጀማሪ ሁሉ ራሳቸው አይነግሩም ነበር፤ እርሳቸውን ተክቶ የሚያስተምር ከፍ ያለ ተማሪ፣ አስነጋሪ ነበራቸው። አስነጋሪውም ሲበስል ሄዶ ሌላ ወንበር ይተክላል። የአንተ አስነጋሪ ማን ነው?» አለኝ። የለኝም አልሁት። ዝምታው ሹመት ስለተውሁ ይመስለኝ የነበረው፣ ለካስ በዚያ በ2015ቱ ስልክ ምክንያት ኖሯል፤ «እኔ ከሞትሁ ይህ ልጅ ዘመኑን ማንን ይጠይቃል ብዬ ነበር» አለኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ሥራ አስኪያጄ ዘንድ ገብቼ የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠየቅሁ። የሰው ሀብቱ ወንድሜ እንደጠረጠሩት፣ የመቅጠርና የማሰናበት ኃላፊነት በግልጽ ተጽፎበታል። እኔም በፋንታው ይህን አቀረብሁ፦ መጠሪያዬ ከፍተኛ ባለሙያ እንዲሆን፣ ሰው የመቅጠርና የማሰናበት ነገር እንዳይነካኝ፣ ጭማሪው ግማሹ እንዲሰጠኝ፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት ሁለት ጀማሪዎችን እንዳስተምርና የማውቀውን ሁሉ ከነመፈተሻው እንድጽፍ። የቡድን መሪነቱን በተመለከተ ደግሞ ያቺን ባልደረባዬን እንዲጠይቋት ሐሳብ ሰጠሁ፤ ከእኔ ይልቅ ሰው ታደምጣለች፤ የጳጉሜንንም ነገር አቃልላ አታውቅም። «እርሷ እሺ የምትል ይመስልሃል?» አለኝ፤ እንዲጠይቃት ነገርሁት። መጠሪያውንና ትምህርቱን ተቀብሏል፤ ስለ ገንዘቡ ግን ገና መልስ አልሰጠኝም፤ ባለቤቴም ገና አልሳቀችም።

የሞጣው ወንድሜ ስለ ሦስቱ ወር የመከርኸኝን አልዘነጋሁትም። ነገር ግን ፍርሃት ነበር ወይስ ፍቅር የሚለውን ለመለየት እነዚያ ሁለት ጠዋቶች የሚበቁኝ ይመስለኛል፤ ትናንት በመጀመሪያው ትምህርት አንዱ ልጅ የጻፈውን ላርምበት እጄን ወደ ኪቦርዱ ስሰድድ ያቺ ሥራ የለቀቀችብህ ልጅ ትዝ አለችኝና እጄን ሰበሰብሁ።


መልስ፦ የቡሬው ተጠራጣሪ

ግማሹን ጭማሪ በጽሑፍ ሳትቀበል ማስተማሩን በመጀመርህ ልወቅስህ ነበር፤ አልወቅስህም። ግን አንድ ነገር አስላ። 2019 በ5500 ላይ ሲደመርና ለአራት ሲካፈል ስንት ይተርፋል?


መልስ፦ ባለ ጳጉሜን

ሦስት። ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። አስቤበታለሁ። ለዚያች ሳምንት የዓመት ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ በአዋጁ ስሌት 20 የሥራ ቀን አለኝ። ስልኬን ለሁለቱ ልጆች ትቼ ዲማ እሄዳለሁ።